«ፈረቃ ተቀይሯል»

«አቦ፣ እኔ አሁን ነው የገባሁት። ፈረቃ ተቀይሯል።»

ድሬዳዋ፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ አዳራሽ በር ላይ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሰንጢዬን አስረክቤ ነበር የገባሁት። የተረከበኝ ልጅ ቀጭን ነው፤ ጉንጩ አበጥ ብሏል፤ ጫት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ከረሜላ ነው። ሰንጢዋን ከኪሴ ሲያወጣት ከፈታት፣ ዘጋት፣ እንደገና ከፈታት። «ቆንጆ ናት» አለ። የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበና ከአንድ መቀስ፣ ከሁለት ላይተርና ከጥፍር መቁረጫ ጎን አኖራት። «ስትወጣ ውሰዳት።»

ያቺን «ስትወጣ» አምኜ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ተቀመጥኩ። ማታ መሳቢያው ሲሳብ የቀረው አንድ ላይተር ብቻ ነበር። ተረኛው ላይተሩን አንስቶ «ይቺ ናት?» አለኝ። አላፌዘብኝም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እሱ የሚያውቀው መሳቢያውን እንጂ ጠዋት ውስጡ የነበረውን አይደለም። የሚጻፍበት ደብተር የለም፣ ካርድ የለም፣ ያየ ምስክር የለም። አለች ያልኩት ሰንጢ መኖሯን የምናውቀው እኔና አንድ ስሙን ያልጠየቅኩት ልጅ ብቻ ነን።

ሰንጢዋ ውድ አልነበረችም። ታይዋን ከምንለው የድሬ ገበያ፣ ከቻርጀርና ከእጅ ባትሪ መሃል መርጬ የገዛኋት የቻይና ሥራ ናት። እጀታዋ ቀይ፣ ስለቷ ከሌባ ጣቴ እምብዛም የማይበልጥ፣ ጀርባዋ ላይ ጠርሙስ መክፈቻና ቡሽ መክፈቻ የታጠፈባት። የቡሽ መክፈቻው ጫፍ ተጎምዷል፤ የወይን ጠጅ ሳይሆን የተዘጋ ቁልፍ ልከፍትበት ስታገል ነው። በተረፈ ሥራዋ ማንጎ መላጥ፣ ፖስታ መቅደድ፣ የተንጠለጠለ ክር መቁረጥ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ያደማችው ሰው ቢኖር እኔን ነው፤ ያውም በለስ ስልጥ።

በማግስቱ ለወዳጆቼ ነገሩን ስተርክ ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ብዙ ግሥ አለው። አንዱ «ቀሙህ» አለኝ። ሌላው፣ ጉምሩክ አካባቢ የሠራ ሰው፣ «ወረሱብህ ነው የሚባለው» ብሎ አረመው። ሦስተኛው ደግሞ «ያዙብህ» አለ። እኔ ግን ጠዋት የሰማሁት ከሦስቱ አንዱንም አልነበረም። ልጁ «ልያዝልህ» ነበር ያለኝ። «ያዙልኝ» እና «ያዙብኝ»፦ ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው። ያቺን ፊደል ከጠዋት እስከ ማታ የለወጣት የፈረቃ ቅያሬ ብቻ ነው።

ነገሩ ሌላ ከተማ ቢሆን ይህን ያህል ባልገረመኝ። ድሬዳዋ ግን የስለት ከተማ ናት። በጠዋት ቀፊራ ገበያ የገባ ሰው ይህን ያውቃል። ሸንኮራ ሻጩ ልጡን የሚገፍበት ቢላዋ ከክንዱ አይተናነስም። በለስ ሲደርስ ደግሞ የበለስ ሻጮች ጣት ያስቀናል፤ ፍሬው እሾኻም ነው፣ እጅ ሳይነካው በሁለት ጭረት ልብሱ ይወልቃል፣ ልቡ በስለቱ ጫፍ ይቀርብልሃል። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላዋ፣ እጀታው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ጆንያ ይሸጣል። ማጭድና መጥረቢያ አጠገቡ አሉ። ገዢው ገበሬ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ የክንዱን ፀጉር ላጭቶ ሞክሮ ነው የሚከፍለው።

ከዚያም ጎረቤቶቻችን አሉ። ከአፋር በኩል የሚመጣ ሰው ወገቡ ላይ ጊሌውን ታጥቆ ነው የሚመጣው፤ ጎበጥ ያለ፣ በሁለት በኩል የሚቆርጥ፣ በቆዳ አፎት የሚያድር። ለአዲስ አበቤ ዓይን ጦር መሣሪያ ነው። ለባለቤቱ ግን ሥጋም የሚቆርጥበት፣ ገመድም የሚበጥስበት፣ ወንድነቱም የሚታይበት ልብሱ ነው። የሶማሌው አርብቶ አደርም የራሱ አለው፤ ስሙንም «ቢላዌ» ይለዋል፣ ከኛው ቢላዋ ጋር ዘመድ ነው። ድሬ ለእነዚህ ሁሉ ገበያቸው ናት። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ መጥቶ እዚህ ከደረሰበት ከ1902 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ግመል ነጂውና ሐዲድ ዘርጊው፣ ባለ ጊሌውና ባለ ኮሮጆው እየተጋፉ ነው ያደጉባት።

ታዲያ የበር ፍተሻ እዚህ አገር አዲስ ነገር ነው እንዳትሉ። ጎረቤታችን ሐረር ከኛ በፊት ታውቀዋለች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በአውሮፓ አቆጣጠር በጥር 1855 ነጋዴ መስሎ ለመግባት አስቦ፣ ኋላ ግን እንግሊዛዊነቱን ገልጦ የሐረር አሚር ግቢ በር ሲደርስ፣ መሣሪያ አስቀምጥ አላስቀምጥም የሚል ክርክር ገጥሞታል። ክርክሩን እሱ ራሱ ጽፎታል። ሽጉጡን ግን ይዞ አሚሩ ፊት መቅረቡንም ጽፏል። ያሳለፈው ዘበኛ የዛሬ ተረኛ ቢሆን ይሄኔ ከሥራ ታግዶ ነበር። ቁም ነገሩ ግን በሩ ላይ የነበረው ቃል ነው። «አስቀምጥ» ነው፣ «አምጣ» አይደለም። ስትወጣ ጦርህ ትመለስልሃለች ማለት ነው። የሽምግልና ጥላ ሥር የሚቀመጥ፣ ሠርግ ቤት የሚገባ ሰውም ጠመንጃውን አንድ ጎን አኑሮ ነው፤ ሲወጣ ይዞት ይሄዳል። መሣሪያ ማስቀመጥ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ነውሩ ያስቀመጡትን ማጣት ነበር።

ወደ አውሮፕላኑ ልምጣ። ሰንጢ ከኪስ ሲወጣ ሁላችንም ትዝ የሚለን እሱ ነውና።

መስከረም 1 ቀን 1994። የመጀመሪያው አውሮፕላን ኒውዮርክ ላይ ሕንጻውን ሲመታ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9፡46 ነበር። የዕንቁጣጣሽ ከሰዓት። ከአገሩ ሰው እኩሌታው እጁ ላይ ቢላዋ ነበረ ብል ማጋነን አይሆንም፤ በጉ ታርዶ፣ ብልቱ ወጥቶ፣ ጥሬው እየተቆረጠ። ጠላፊዎቹ የተጠቀሙበት ደግሞ በወሬ እንደሰማነው ጎራዴ አልነበረም፤ ካርቶን መቅደጃ የመሰለ አጭር ስለት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በአሜሪካ ስለቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ሰንጢ ይዞ መሳፈር የተፈቀደ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥፍር መቁረጫ እንኳ የተጠረጠረበት ዘመን መጣ። ከ1884 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቢላዋ ሲሠራ የኖረው የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ፣ ያ ዝነኛው ቀይ ሰንጢ ባለቤት፣ ገበያው ክፉኛ አሽቆለቆለ፤ አንዱ መሸጫው የአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ ነበራ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ድርጅቱ ስለት የሌለው ሰንጢ እየሠራሁ ነው ብሎ አስታወቀ። ቅመም የሌለው በርበሬ እንደማለት ነው።

የእኛ ግን ትዝታችን ከዚያ ይቀድማል። ኅዳር 29 ቀን 1965 እነ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ያደረጉት የጠለፋ ሙከራ በአየር ላይ በተኩስ ከሽፏል። ከሰባቱ ጠላፊዎች ስድስቱ ሞቱ። ጠባቂ በአውሮፕላን ውስጥ ማሳፈር ለኢትዮጵያ የኒውዮርክ ትምህርት አይደለም።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ ግን የኅዳር 14 ቀን 1989ኙ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 961 ቦይንግ 767 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ፤ ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጅ አይበቃም ቢላቸው አልሰሙትም። እሱ እኮ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፎ የተረፈ ሰው ነው። ነዳጁ አለቀ፣ አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ አለቁ። ጠላፊዎቹ የያዙት ምን ነበር? መጥረቢያውና የእሳት ማጥፊያው የራሱ የአውሮፕላኑ ነበሩ። ቦምብ ነው ያሉት ደግሞ የመጠጥ ጠርሙስ ነው። በየትኛውም በር ቢፈተሹ ከኪሳቸው የሚወጣ ሰንጢ አልነበረም።

ይህን የማነሳው ፍተሻ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። እኔም ተሳፋሪ ነኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጩቤ እንዳልያዘ ማወቅ እፈልጋለሁ። ግን ፍተሻ ሁልጊዜ ያለፈውን አደጋ እያሰበ ነው የሚሠራው። ከመስከረም 1 በኋላ የአብራሪዎቹ ክፍል በር በጥይት በማይበሳ ተተካ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ሆነ። የካቲት 10 ቀን 2006 ወደ ሮም ይበር የነበረው የአየር መንገዳችን ረዳት አብራሪ ካፒቴኑ ሽንት ቤት ሲሄድ ጠብቆ ያንን በር ቆለፈው፤ አውሮፕላኑን ጄኔቫ አሳረፈው። ጠላፊን ለማገድ የተሠራው በር ካፒቴኑን ከውጭ አስቀረው። እዚያም ሰንጢ የለም።

የስለቱ ልክ ራሱ እንደየአገሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ6 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ስለት በእጅ ሻንጣ ያልፋል። አሜሪካኖቹም በአውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 2013 ወደዚያው ልክ ሊጠጉ ወስነው ነበር። የበረራ አስተናጋጆች አንፈልግም ብለው ተነሱ፤ በሦስት ወር ውስጥ ውሳኔው ተሻረ። የእኛው ከሁሉም ይቀልላል፤ ስለት በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ በሚያስረክቡት ሻንጣ ይገባል። በቃ።

ይህን ሕግ የተማርኩት በድሬዳዋ አየር ማረፊያ ነው፤ በሁለተኛዋ ሰንጢዬ። (አዎ፣ ሌላ ገዛሁ። ያው ታይዋን፣ ያው ቀይ።) አየር ማረፊያው በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ የተሰየመ ነው፤ የራስ መኮንን ልጅ፣ የሐረር ገዥ የነበሩ። አባ ጤና የፈረስ ስማቸው ነው። ጎራዴ መታጠቅ ወግ በነበረበት ዘመን የኖሩ ሰው ስም ያለበትን በር ሰንጢ ይዞ ማለፍ አለመቻሉ ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል።

ቦርሳዬ በኤክስሬይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ቀበቶው ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ወደፊት። ስክሪኑን የምታየው ልጅ «ጋሼ፣ ስለት ይዘዋል?» አለችኝ። «ጋሼ» እና «ይዘዋል» ስትል የድሬ ልጅ እንዳልሆነች አወቅኩ፤ የድሬ ልጅ ቢሆን «አንተ፣ ቢላዋ ይዘሃል እንዴ?» ብሎ ነበር፣ ሽማግሌ ብሆንም። ባልደረባዋ ቦርሳውን ከፍቶ ሰንጢዋን በሁለት ጣቱ አወጣት። ሦስት ምርጫ ሰጡኝ። ከሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ ይጨምሩት። የሸኘዎት ሰው ካለ ይስጡት። ካልሆነ እዚህ ይቀራል። ያስረዱኝ በትህትና ነው፤ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ግን የያዝኩት የእጅ ቦርሳ ብቻ፣ የሸኘኝም ባጃጅ ነው።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ባጃጁ አልሄደም፤ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ዋጋ ይከራከራል። ሰንጢዋን አቀበልኩት።

«ምን ላርግልህ?»

«ያዝልኝ። አላሳለፉኝም።»

«መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ለቁልቢ።»

አንዴ ከፈታት፣ ዘጋትና ጋቢናው ላይ ካለችው የመስታወት ጨርቅ ሥር ሸጎጣት። ስልኬን መዘገበ። ስሜን ጠይቆ «ሰንጢ» ብሎ ነው የመዘገበኝ፤ ቁጥሬ ላይ ሲደውል ስልኩ ላይ አየሁት። ታኅሣሥ 19 ድሬ የክብረ በዓል መተላለፊያ ናት፤ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣው ሕዝብ ከአውሮፕላንም ከአውቶቡስም ይወርዳል። በዋዜማው ደወልኩለት። ሰንጢዋን ሲያመጣት ስለቷ ያብለጨልጫል። «ደንዝዛ ነበር፣ አስሞርጃታለሁ» አለኝ። ሞረድ የከፈለበትን ልስጥህ ብለው አልተቀበለኝም። እሱ ሹፌር ነው፤ ጥበቃ አይደለም፣ ግዴታም የለበትም።

ከዚህ በኋላ ነው ሕጉን ማገላበጥ የጀመርኩት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ማንም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር፣ በእጁ ያለ ንብረትም ከመያዝ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። መብቱ ፍጹም አይደለም፤ ለሕዝብ ሰላምና ወንጀልን ለመከላከል በሕግ ሊገደብ ይችላል። ፖሊስ በብርበራ ማዘዣ ንብረት ሲይዝ ደግሞ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የያዘውን ዝርዝር እንዲጽፍ፣ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው እንዲፈርምበት፣ ዕቃውንም በደህና ቦታ እንዲያስቀምጥ ያዝዘዋል። ልብ በሉ፤ በወንጀል የተጠረጠረ ሰው ዕቃ እንኳ በዝርዝር ይመዘገባል።

የአዳራሽ በር ጠባቂ ግን ማዘዣ አልያዘም፣ እኔም ወንጀለኛ አይደለሁም። ካልተፈተሽክ አትገባም ይለኛል፤ እኔም ፈቅጄ እፈተሻለሁ። እንግዲህ በፈቃዴ የሰጠሁትና እመልስልሃለሁ ብሎ የተቀበለኝ ነገር በአገርኛ አንድ ስም ነው ያለው፤ አደራ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል፤ ዕቃ ተረክቦ የመጠበቅና የመመለስ ግዴታን ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖርም «አደራ በላ» የምትለዋ ስድብ ከብዙ አንቀጽ ትከብዳለች። እርግጥ የሁለት ኪሎ ማንጎ ዋጋ የማትሞላ ሰንጢ ይዞ ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም። መሳቢያውም ይህን ያውቃል።

አንዳንዱ ይህ ሁሉ ስለ አንዲት ሰንጢ ነው ወይ ይለኛል። ከብዙ ዓመት በፊት ከድሬ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ጤና ጣቢያ ያየሁትን ልንገረው። የዘበኛው ጎጆ ግድግዳ ላይ በተርታ ምስማር ተመቷል። ምስማሮቹ ላይ ጊሌዎች ተሰቅለዋል፤ አምስት ወይ ስድስት፣ ከሥራቸው ዱላዎች ቆመዋል። ሚስቱን ያሳከመ አንድ አፋር ወጣ። ዘበኛው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ምንም ሳይጠይቁ ወደ ሦስተኛው ምስማር እጃቸውን ዘርግተው ጊሌውን አወረዱ። አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እጀታውን ወደ ሰውየው፣ ስለቱን ወደ ራሳቸው አድርገው በሁለት እጃቸው ሰጡት። ሰውየው ታጠቀው፣ እጃቸውን ስሞ ሄደ። ካርድ አልነበረም፤ ደብተርም አልነበረም። ዘበኛው ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበሩ። ፈረቃ የላቸውም።

እኛ ፈረቃ አለን፤ ስለዚህ ካርድ ያስፈልገናል። ይህ ደግሞ የማናውቀው ጥበብ አይደለም። ስንት መሥሪያ ቤት ነው መታወቂያችንን ተቀብሎ ባለ ቁጥር ባጅ አንገታችን ላይ የሚያንጠለጥልልን? ስንት በር ላይ ነው ስልካችንን ሰጥተን ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ ተቀብለን የምንገባው? ስልክ ሲሆን ቁጥር አለ፣ ሰንጢ ሲሆን የለም። ስልኩ ውድ ስለሆነ ብቻ ነው። ሰንጢ የያዘ ሁሉ ተጠርጣሪ ስለሚመስል ባለቤቱም ደፍሮ አይጠይቅም፤ በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተዉት፣ ይቅር» ይላል። እኔም ያን ማታ ያልኩት ይህንኑ ነው። ስፌት ቤት የሚሠራ ሰው መቀሱን፣ ፀጉር አስተካካይ ምላጩን፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መቁረጫውን እንዲሁ ትቶ ይወጣል። ለእነሱ ደግሞ የማንጎ መላጫ አይደለም፣ እንጀራቸው ነው።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። መሳቢያ ውስጥ የሚከማች ዕቃ ላይ ቁጥር ይለጠፍ፣ ጥንዱ ቁጥር ለባለቤቱ ይሰጥ፣ ተረኛ ሲለወጥ መሳቢያው ተቆጥሮ ይረከብ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ጥቂት ሙጫ ወረቀት ነው። አንባቢም ወደ አውሮፕላን ስትሄድ ሰንጢህን ከምታስረክበው ሻንጣ ውስጥ ጨምራት፤ ሻንጣ ከሌለህ ከቤት አትውሰዳት።

ያን ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ለነበርከው፣ ከረሜላ ጉንጭህ ውስጥ ለነበረው ልጅ፦ ይህ ጽሑፍ እጅህ ከገባ፣ ቀይ እጀታ ያላት ናት። የቡሽ መክፈቻዋ ጫፍ ተጎምዷል። ፈረቃህ መቼ እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።